ጎማ ነው ወይስ ኩሽኔታ? አዲስ የተገዛ ያገለገለ መኪና የመንገድ ድምፅ እንዴት ይለያል

ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው የመኪናውን ድምፅ በደንብ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ከሻጩ ጋር ተጨባብጦ ከተለያየ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና ሰልፍ መካከል በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ሳያልፍ የሞከረው መኪና፣ ሰንዳፋን አልፎ መንገዱ ሲከፈትለት 70 እና 80 ይገባል፤ ያን ጊዜ ከወለሉ ሥር እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም፣ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ የሚያድግ ድምፅ ይነሣል። እኔ በፈረንጆች አቆጣጠር የ2003 ስሪት የሆነች ቪትዝ ገዝቼ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ይህን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት በአለልቱና በሸኖ መካከል ነበር። ሬዲዮኑን ዘጋሁ፣ መስኮቱን ከፈትሁ፣ መልሼ ዘጋሁ፤ ድምፁ ግን እዚያው ነው። በማግሥቱ የሄድሁበት ጋራዥ መኪናዋን አንድ ዙር ብቻ ነድቶ «የፊት ኩሽኔታ ነው» አለኝ፤ ጎማው የሚዞርበትን ዕቃ ማለቱ ነው፤ ሁለቱም የፊት ኩሽኔታዎች ተቀየሩ፤ ድምፁ ቅንጣት ታህል አልቀነሰም።

ለእነዚያ ኩሽኔታዎች የከፈልሁት ገንዘብ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ የመንገድ ድምፅ ምንጩ የሚታወቀው ዕቃ በመፍታት ሳይሆን ድምፁ ለማን እንደሚታዘዝ በመመርመር መሆኑን ነው። በመኪና ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ሁሉ ለአንድ ነገር ይታዘዛል፤ ለጎማው መሽከርከር፣ ለሞተሩ ዙር፣ ለነዳጅ መስጫው፣ ለመሪው፣ ለፍሬኑ፣ ለመንገዱ ገጽ ወይም ለነፋሱ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ለውጠው ሌሎቹን እንደነበሩ ሲተዉ ድምፁ ከተለወጠ፣ ጌታውን አገኙት ማለት ነው። አብዛኛው ሙከራ ቁልፍም ክሪክም አይጠይቅም፤ ጭር ያለ መንገድና ከጎን ተቀምጦ የሚያዳምጥ አንድ ሰው ይበቃዋል።

ከሙከራው በፊት ግን መኪናው በቆመበት መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ ከመንገድ ድምፆች መካከል ጥቂቶቹ ለምርምር ጊዜ አይሰጡምና። የአራቱም ጎማ ቡሎኖች መጥበቃቸው በቁልፍ ይረጋገጥ። ሻጩ መኪናውን ለገበያ ሲያሰናዳ ጎማ ቀያይሮ ከሆነ የላላ ቡሎን ማግኘት የሚያስገርም አይደለም፤ በዝግታ ሲነዳ «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅና የሚዋልል መሪ ካለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረውም እርሱ ነው። ጎማ ተፈትቶ ከታሰረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ቡሎኑን ዳግመኛ ማየት ይገባል። ቀጥሎ የጎማው ጎን፣ ወደ ውስጥ የዞረው ሳይቀር፣ እብጠት እንዳለው በእጅ ይዳሰስ፤ እብጠት ማለት በላስቲኩ ውስጥ ያለው የክር ድር ተበጥሷል ማለት ስለሆነ ጎማው መቀየር እንጂ መመርመር አያስፈልገውም። ፍሬን ሲያዝ ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማበት መኪና ደግሞ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለት መውረድ የለበትም፤ ሸራው አልቆ ዲስኩን እየፋቀ ሊሆን ይችላልና።

እነዚህ ንጹሕ ሆነው ከተገኙ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ድምፁ የሚታዘዘው ለጎማው ነው ወይስ ለሞተሩ የሚለው ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በአራተኛ ማርሽ እየሄዱ ድምፁን ያዳምጡ፤ ከዚያ ፍጥነቱን ሳይለውጡ ሦስተኛ ያስገቡ። የሞተሩ ዙር ጨምሯል፣ ጎማው ግን እንደነበረው ነው። ድምፁ ከዙሩ ጋር ከቀጠነ ነገሩ ከሞተር፣ ከማርሚታ ወይም በሞተሩ ከሚዞሩት ዕቃዎች ነው፤ ካልተለወጠ ከጎማ ጋር የሚዞር ነገር ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ከሆነ ሜዳ በሆነ ቦታ ለጥቂት ሰከንዶች ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ ማዳመጥ ተመሳሳይ መልስ ይሰጣል፤ ሞተሩ ግን መጥፋት የለበትም፤ ሲጠፋ ፍሬኑም መሪውም ይጠነክራል። በቁልቁለት ላይ ደግሞ ይህ ሙከራ ፈጽሞ አይደረግም።

ድምፁ ከጎማው ጋር የሚሄድ ከሆነ መቁጠር ይጠቅማል። በብዙ ትንንሽ አውቶሞቢሎች ላይ የሚገኘው 175/65 አር 14 ጎማ ዙሪያው ወደ 1.83 ሜትር ይደርሳል፤ ስለዚህ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በሰከንድ ሦስት ጊዜ፣ በ60 ደግሞ ዘጠኝ ጊዜ ያህል ይዞራል። በዙር አንድ ጊዜ የሚመታ ነገር በ20 «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» እያለ በጣት ሊቆጠር ይችላል፤ በ60 ግን ምቶቹ ተያይዘው ንዝረት ይመስላሉ። በዝግታ ሲነዱ ሊቆጥሩት የሚችሉት ድምፅ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ በጎማው ጥርስ መካከል የተሰነቀረ ጠጠር፣ የተጣመመ ቸርኬ፣ ወይም መኪናው በሻጩ ግቢ ለወራት ቆሞ አንድ ወገኑ የተዳጠ ጎማ። የመጨረሻው ጎማው ሲሞቅ በራሱ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። ጠጠሩን በካቻቢቴ ማውጣት ይቻላል፤ ምስማር ከሆነ ግን ጎሚስታ ዘንድ ሳይደርሱ እንዳይነቅሉት።

በዝግታ የማይሰማ፣ ከ50 በላይ ሲሆን የሚነሣ፣ ሊቆጠር የማይችል ጉርምርምታ ግን ሁለት ዋና ተጠርጣሪዎች አሉት፤ ጎማና ኩሽኔታ። ሁለቱም ከፍጥነት ጋር ያድጋሉ፣ ሁለቱም ከወለል ሥር ይመጣሉ፣ ሁለቱም ለማርሽ ደንታ የላቸውም። ልምድ ያለው መካኒክ እንኳ በጆሮው ብቻ ፈርዶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጎማ ድምፅ የሚያወጣው ጥርሶቹ አንድ በአንድ መሬቱን ስለሚመቱና በመካከላቸው የታመቀው አየር ስለሚያመልጥ ነው። ጥርሶቹ ሁሉ እኩል ቢሆኑ ምታቸው ተደምሮ አንድ ወጥ ጩኸት ይሆን ነበር፤ አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ የጥርሶቹን ስፋት ሆን ብለው ያበላልጡታል። ጎማው እኩል ባልሆነ መንገድ ሲበላ ግን ይህ ጥንቃቄ ከንቱ ይሆናል፤ የእያንዳንዱ ጥርስ አንዱ ጫፍ ዝቅ፣ ሌላው ከፍ ይልና ጎማው እንደ መጋዝ ይሆናል። ይህን በዓይን ማየት አስቸጋሪ ነው። እኔን ያሳየኝ በደብረ ብርሃን መውጫ ያለ ወጣት ጎሚስታ ነው፤ የኋላውን ጎማ እንኳ ሳይፈታ ቁጢጥ ብሎ «ጋሼ፣ እጅዎን እንዲህ ያሳልፉት፤ አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ይመልሱት» አለኝ። መዳፌን ጎማው በሚዞርበት አቅጣጫ ሳሳልፈው እንደ ድመት ጀርባ ለሰለሰ፤ ስመልሰው ግን እያንዳንዱ ጥርስ ጣቴን ያዝ፣ ለቀቅ አደረገው። ያ ያዝ ለቀቅ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሆን ነው ጉርምርምታው።

የፊት ጎማ በሚጎትታቸው ትንንሽ መኪናዎች ላይ ይህ ችግር በኋላ ጎማዎች ላይ ይበረታል፤ ሸክማቸው ቀላል ስለሆነ አሞርዛተሩ፣ ማለትም የመኪናውን ንጠት የሚያበርደው ዕቃ፣ ሲደክም እየዘለሉ ይሄዳሉ፣ ባለቤቱም ፊትና ኋላውን የማቀያየር ልማድ አይኖረውም። ቪትዝን በመሰሉ፣ የዕቃ መጫኛቸው ከተሳፋሪው ክፍል ጋር በተያያዘባቸው መኪናዎች ደግሞ የኋላው ድምፅ ያለ ከልካይ ወደ ፊት ይገባል። ዝቅ ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ መለየት ለጆሮ ከባድ በመሆኑ ሾፌሩ ከእግሩ ሥር የመጣ ይመስለዋል፤ የእኔም የተሳሳተ ፍርድ የተነሣው ከዚህ ይመስለኛል። የጎማው መስመር ያልተስተካከለ እንደሆነም፣ ማለትም አላይመንቱ ከተበላሸ፣ ጥርሱ ወደ ጎን ላባ እያወጣ ይበላል፤ ያን ጊዜ መዳፉ የሚያልፈው ከጎን ወደ ጎን ነው።

ጎማውን ወንጀለኛ የሚያደርግ ወይም ነጻ የሚያወጣ ሁለተኛ ምስክር መንገዱ ራሱ ነው። አስፋልቱ ከአሮጌና ሸካራ ወደ አዲስና ልሙጥ በሚለወጥበት ቦታ ላይ ፍጥነትዎን ሳይለውጡ ይለፉ፤ የጎማ ድምፅ በዚያች ቅጽበት መልኩን ይለውጣል፣ ኩሽኔታ ግን አስፋልት አያውቅም። በጎማው ውስጥ ያለው ነፋስም ይመሰክራል፤ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ከተጻፈው መጠን በአራት ወይም በአምስት ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ መለኪያ) ቢጨምሩ፣ በጎማው ጎን ከታተመው ከፍተኛ መጠን እስካላለፈ ድረስ፣ የጎማው ድምፅ ሲቀጥን ወይም ሲለዝብ ይሰማል። ከሙከራው በኋላ ወደ ነበረበት መመለስ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማረጋገጫ ግን የኋላ ጎማዎችን ወደ ፊት፣ የፊቶቹን ወደ ኋላ አዛውሮ በዚያው መንገድ መንዳት ነው፤ ድምፁ ቦታ ከለወጠ የጎማ ነው፤ ኩሽኔታ ከቸርኬ ጋር አይዛወርም። ይህ ሙከራ የሚያስወጣው የጎሚስታ ዋጋ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ከኩሽኔታዎቹ በኋላ አደረግሁት።

የጎማው ዕድሜም ይታይ። በጎማው ጎን በሞላላ ክፈፍ ውስጥ ያሉት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ነገር ግን ያረጀ ጎማ ላስቲኩ ይደርቅና እንደ እንጨት ይጮኻል፤ ብዙ አምራቾችም ከ10 ዓመት በላይ እንዳያገለግል ይመክራሉ። ሻጭ በቅባት ያብለጨለጨው ጎማ ገዥን እንዲያታልል አሃዞቹ አይፈቅዱም።

በክረምት ከጅሩ ወገን ለሚመጣ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የጅሩ መረሬ ጭቃ በቸርኬው ውስጠኛ ጎን ተለጥፎ ሲደርቅ ጎማውን ሚዛኑን ያሳጣዋል፤ መሪው በ80 ገደማ ይንቀጠቀጣል፣ ወለሉም ያስተጋባል። ባላንስ ከማስደረግ በፊት ውስጡን በውኃ ማጠብ ነው።

ወደ ኩሽኔታው እንምጣ። ኩሽኔታ ጎማው የሚዞርበት፣ በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል ኳሶች የተደረደሩበት ዕቃ ነው። መኪናው በጉድጓድ ውስጥ በኃይል ሲወድቅ ኳሶቹ ቀለበቱን ያጎደጉዱታል፤ ወንዝ ሲሻገርም ውኃና አሸዋ በማሸጊያው በኩል ገብቶ ቅባቱን ያበላሸዋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ኳስ በጎደጎደው ላይ ባለፈ ቁጥር ትንሽ ይመታል፤ ኳሶቹ ብዙ ስለሆኑ ምቱ አይቆጠርም፣ ይጓራል እንጂ።

ኩሽኔታ የሚታዘዘው ለሸክም ነው። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ አካሉ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ የቀኝ ጎማዎችም ተጨማሪ ሸክም ይሸከማሉ፤ ስለዚህ ወደ ግራ ሲታጠፉ ድምፁ ከበረታ የቀኙን፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ከበረታ የግራውን ኩሽኔታ ይጠርጥሩ። ሜዳማ በሆነውና ቀጥ ባለው የሸኖና የደብረ ብርሃን መንገድ ላይ፣ ከፊትም ከኋላም መኪና፣ ጋሪና አህያ በሌለበት ሰዓት፣ በ60 እየሄዱ መሪውን በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማወላወል ይህን ይገልጠዋል። የጎማ ድምፅም በመታጠፍ ትንሽ ይለወጣል፤ ስለዚህ ይህ ሙከራ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው በክሪክ ላይ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች በድንጋይ ተደግፈው፣ የተጠረጠረው ጎማ ከፍ ይደረግ፤ ማንም ሰው ግን በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር አይግባ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ሲወዘውዙት የሚንቋቋ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ከታች የሚይዘው መጋጠሚያ ላልቷል፤ ከግራና ከቀኝ ይዘው ሲወዘውዙት ብቻ ከሆነ ደግሞ የመሪው ዘንግ ጫፍ ይጠረጠራል። ሳይላላ የሚጓራ ኩሽኔታ ብዙ ስለሆነ ግን አለመወዛወዙ ነጻ አያወጣውም። አንድ እጅዎን በሞላው ላይ ያሳርፉና በሌላው ጎማውን ያሽከርክሩ፤ ሞላው እንደ ስቴቶስኮፕ ነው፣ የተጎዳ ኩሽኔታ በውስጡ አሸዋ የሚፈጭ ያህል ሽርክት ይላል። ከዚያ ጤነኛ ነው የሚሉትን ወገን በተመሳሳይ መንገድ ፈትሸው ያወዳድሩ። ሌላው ምልክት ሙቀት ነው፤ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው፣ ፍሬን ብዙ ሳይነኩ ቆመው፣ መዳፍዎን ወደ ቸርኬዎቹ መካከል ቢያስጠጉ አንዱ ከጓደኞቹ ይልቅ ሊፋጅ ይችላል።

ኩሽኔታ የሚቀየር ከሆነ አገባቡ ላይ መቆም ይገባል። በብዙ ትንንሽ መኪናዎች የፊት ኩሽኔታ በፕሬስ ተገፍቶ የሚገባ ነው፤ በመዶሻ ተመትቶ የገባ አዲስ ኩሽኔታ ኳሶቹ ገና ከመጀመሪያው ቀለበቱን ስለሚያጎደጉዱት ብዙም ሳይቆይ መጓራት ይጀምራል፣ ጥፋቱም በዕቃው ላይ ይለጠፋል።

የሰሜን ሸዋ ሾፌር ሌላው የማያገኘው አንድ የሙከራ ቦታ አለው፤ ከጣርማበር እስከ ደብረ ሲና ያለው ዳገት። አንዱ መንገድ ሲወጣ ሞተሩ በሸክም ይሠራል፣ ሲወርድ ደግሞ መኪናው ሞተሩን ይገፋል። በሁለቱም ጉዞ በተመሳሳይ ፍጥነት እየነዱ ማዳመጥ፣ የካምቢዮንና የዲፈረንሻልን ጥርሶች ከጎማና ከኩሽኔታ ይለያል። በዳገቱ እየቀጠነ የሚያዜም፣ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ወዲያው ድምፁን የሚለውጥ ወይም የሚጠፋ ከሆነ የሚነካከሱ ጥርሶች ጉዳይ ነው፤ አባዱላንና ሃይሉክስን በመሳሰሉ የኋላ ጎማ በሚገፋቸው መኪናዎች የዲፈረንሻሉ ዘይት መጠንና ንጽሕና በመጀመሪያ ይታይ። ጎማና ኩሽኔታ ግን ነዳጅ ተሰጠ፣ ተለቀቀ ግድ የላቸውም።

በዚህ ቁልቁለት ሁለት ማታለያዎች አሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ጣርማበር ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ጆሮው ይደፈናል፤ «ድምፁ ቆላ ሲደርስ ይጠፋል» ብሎ ለመካኒክ የሚነግር ሰው ብዙ ጊዜ የጠፋው ድምፅ ሳይሆን ጆሮው ነው። ምራቅ መዋጥ ወይም ማዛጋት ይመልሰዋል። ሁለተኛው የጣርማበር ዋሻ ነው፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ባስፈለፈለው በዚያ ዋሻ ውስጥ ማንኛውም መኪና ያጓራል፣ ግድግዳው ድምፁን መልሶ ይሰጣልና። እዚያ ውስጥ የተሰማ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ይሁንና ከግድግዳ የሚመለሰውን ድምፅ የማዳመጡ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ በከተማ ውስጥ ከድንጋይ አጥር ጎን መስኮት ከፍቶ በዝግታ ማለፍ የየትኛው ወገን ጎማ እንደሚጮህ ለጆሮ ያቀርባል።

የቀሩት ፈጥነው ይለያሉ። መሪ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ነዳጅ ሲሰጥ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው የሴሚያስ፣ ማለትም ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ጫፍ ነው፤ ቅባት መያዣው ላስቲክ ተቀዶ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃል። ከጠጠር መንገድ ሲመጡ በድንገት የሚጀምር ስል ፉጨት ወይም ፍጭት ብዙ ጊዜ በፍሬን ዲስኩና ከኋላው ባለው ቀጭን ቆርቆሮ መካከል የገባች ጠጠር ናት፤ ጥቂት ወደ ኋላ ሲነዱ ልትወድቅ ትችላለች። በጉዞ ላይ ሲጥ የሚል፣ ፍሬን ሲነካ ዝም የሚል ድምፅ ሸራው ማለቁን የሚያስጠነቅቀው ቀጭን ብረት ሊሆን ይችላል። በኮብልስቶን ላይ ብቻ የሚንኳኳ ነገር የጎሚኒ ወይም የአሞርዛተር ጉዳይ እንጂ የዚህ ጽሑፍ አይደለም። ለነፋስ የሚታዘዘው ደግሞ ነፋስ በበረታበት ቀን ይበረታል፤ የበሩን ክፈፍ በወረቀት ፕላስተር አሽጎ መንዳት ቀዳዳውን ይነግራል፣ ፖርቶ መጋላ፣ ማለትም በጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ፣ ያለበት መኪናም ራሱ ዋሽንት ነው።

ወደ ጋራዥ ሲሄዱ «ኩሽኔታውን ቀይርልኝ» ከማለት ይልቅ «ከ55 ጀምሮ ይጓራል፣ ማርሽ አይለውጠውም፣ ወደ ግራ ስታጠፍ ይበረታል፣ አስፋልቱ ሲለወጥ አይለወጥም» ማለት የመካኒኩንም ሥራ ያቀላል፣ የእርስዎንም ኪስ ይጠብቃል። ድምፁን በስልክ መቅዳትና ቀኑን መጻፍም ከንቱ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የገዙትን ዕቃ በተቻለ ፍጥነት መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማስታወቅን ከገዥው ይጠብቃል፤ ወራት አሳልፎ «መኪናው ይጮህ ነበር» ማለት የሚሰማው አያገኝም።

የእኔን ቪትዝ በተመለከተ፣ ጎሚስታው የኋላ ጎማዎቹን ወደ ፊት ባዛወራቸው ቀን እስከ ጫጫ ነድቼ ተመለስሁ፤ ከወለሉ ሥር ይመጣ የነበረው ጉርምርምታ ከፊት፣ በመሪው በኩል እጄ ላይ ይሰማኝ ጀመር። ሁለት ጎማና ሁለት የኋላ አሞርዛተር ገዛሁ፣ አላይመንት አሠራሁ። አሁን በ80 ላይ የሚሰማው ከላይ የሚመጣ ቀጭን ፉጨት ብቻ ነው፤ ለፖርቶ መጋላው የሚታዘዝ መሆኑን ስላወቅሁ አልነካሁትም።